ንገሩኝና ጥሉኝ

ለሊሴ ማረፏን የሰማሁት ቢሮ ውስጥ ሆኜ በስልክ ነው። የደወለው የድሮ የክፍል ጓደኛችን ቶሌራ ነበር።

«ትዕግስት፣ ተቀምጠሻል?» አለኝ።

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ወሬ ደግ እንደማይሆን ማንም ያውቃል። ለሊሴ ከያዮ ወደ መቱ ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ በዝናብ ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጧል። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ተርፈዋል። እሷ አልተረፈችም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ለምን ሞተች፣ እንዴት ሞተች አላልኩም። ፈርታ ይሆን? አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ማን ነበር? እጇን የያዘላት ሰው ነበር? ይህ ነው ሲመላለስብኝ የዋለው። ለሊሴን የሚያውቃት ሰው ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ይገባዋል።

ስለ እሷ ሳወራ የሰማኝ ሁሉ «ደፋር ሴት ነበረች ማለት ነው» ይለኛል። አልነበረችም። እኔ እንደ ለሊሴ ያለ ፈሪ አይቼ አላውቅም። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። መምህር ስሟን ሲጠራ መዳፎቿን በቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ጅብ ሩቅ ሲጮህ ብርድ ልብሷን ይዛ እኛ ቤት ትመጣለች። በጣም ስትፈራ ደግሞ አማርኛው ይጠፋባትና የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች።

ከመቱ አቅራቢያ ያለችው የሁሩሙ ከተማ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ መቱ መጥታ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። በሳምንቱ መጨረሻ ሁሩሙ ትሄድና ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። እናቴ ከወሎ በልጅነቷ የመጣች ሴት ናት፤ ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ አይተናነስም። ለሊሴ ስትገባ «ኮቱ፣ ኮቱ የኔ ልጅ፣ ነይ ግቢ» ትላትና ለእኔ ቀስ ብላ «ይህችን ልጅ ምን አስደነገጣት?» ትለኛለች። ምንም አላስደነገጣትም። እንዲሁ ነበር የተፈጠረችው።

መጀመሪያ በደንብ የተዋወቅነው በሒሳብ ፈተና ቀን ነው። ፈተናው ሊጀመር ሲል ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ፤ አየር አጠረኝ፤ ጣቶቼ እስክሪብቶ አልይዝ አሉ። ትንፋሽ ባገኝ ብዬ ወጣሁ። ከክፍሉ ጀርባ ለሊሴ ግድግዳውን ተደግፋ ስታስመልስ አገኘኋት። አፏን ጠርጋ ቀና አለችና አየችኝ።

«አንቺም?» አለችኝ።

ከዩኒፎርሟ ኪስ የገብስ ቆሎ አወጣችና በመዳፌ አደረገችልኝ።

«ቆርጥሚው። አፍሽ ሥራ ሲይዝ መንቀጥቀጡን ይረሳል። እኔ ሞክሬዋለሁ።»

«አንቺ ግን አስመለስሽ እኮ።»

«ቆሎው ለዛሬ አልሠራልኝም» አለችና ሳቀች። ከዚያ እርጥብና ቀዝቃዛ በሆነ እጇ እጄን ይዛ ወደ ክፍል መለሰችኝ። እጇን መቼም አልረሳውም። የሚያጽናና ሰው እጅ ሙቅ ነው ሲባል እሰማለሁ። የሷ እንደ እንቁራሪት ነበር።

ለሊሴ ሰውን «ምን ሆንሽ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ምን ሆንሽ ሲሉሽ ምንም ትያለሽ። ከዚያ ወሬው አለቀ» አለችኝ። እሷ የምትጠይቀው ሌላ ነበር፦ ትናንት እንቅልፍ ወሰደሽ? ዛሬ ምን በላሽ? ከማን ጋር ዋልሽ? ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ እንዲያውም የአሮጊት ጥያቄ ይመስላሉ። ግን አንዲት ልጅ «ትናንት አልተኛሁም» ብላ ከጀመረች ወሬው መጨረሻው የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ለሊሴ ደግሞ ሰምታ ምክር አትሰጥም። ቆሎዋን ታካፍልና «ፍሪ፣ ግን ብቻሽን አትፍሪ» ትላለች። ያችኑ ነገር በኦሮምኛ ስትላት የበለጠ ታምርባታለች፦ «ኮጳ ኬ ሂን ሶዳቲን»።

እንዲህ እንዲህ እያለ በምሳ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር የምንቀመጥ ልጆች በዛን። ወንዶቹ ሲያልፉ «የፈሪዎች ክበብ!» እያሉ ይስቁብን ነበር። ከሁሉ በላይ የሚስቀው ቶሌራ ነበር። ለሊሴ ስሙን ወደደችው። «ትክክል ነው፤ እኛ ፈሪዎች ነን። ያልፈራ አይምጣ» ትል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ቶሌራ መጣ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ማታ ማታ ልቡ እየመታ እንደሚነቃና ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረን። ሲጨርስ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ማንም አልሳቀም።

ሕግ ያስፈልገናል ያለችው ለሊሴ ናት። እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል፤ አንደኛው ይህ ነው። ሁለተኛውን ስትናገር ድምጿ እንደ ልማዷ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ከመካከላችን አንድ ሰው መኖር አልፈልግም ካለ ግን ለትልቅ ሰው እንናገራለን። እሱን ብቻ አንደብቅም።» ሁላችንም እሺ አልን። እሺ ማለት ቀላል ነበር። ይህ ነገር ከእኛ ማን ላይ ሊደርስ ይችላል?

ሐያት ላይ ደረሰ።

ሐያት ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው ልጅ ነበረች። እናቷ እትዬ ዘይነባ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ሐያት ወደ ዛፉ የመጣችው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነን፣ የማትሪክ ፈተና ሲቃረብ ነው። እንደ ሌሎቻችን አታለቅስም፤ የከበዳትንም አትናገርም። የሌላውን ትሰማና ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ቀስ በቀስ ግን መክሰስ ማምጣት ተወች። ከዚያ እጇን ማውጣት ተወች። መምህሩ ሲጠይቃት «አላውቀውም» ትላለች፤ ሐያት የማታውቀው ነገር ኖሮ አያውቅም። ምን ደረሰባት ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አንድ ምክንያት አላገኘሁም። ምናልባትም አንድ አልነበረም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ትምህርት እንዳለቀ፣ ለሊሴ ዝናብ እየደበደባት ቤታችን ገባች። ሰማያዊ ሻርፕ በእጇ ጨብጣለች።

«ሐያት መኖር ደክሞኛል አለችኝ» አለች።

«የፈተና ነገር ይሆናል። ሁላችንም ደክሞናል እኮ።»

«እንደሱ አይደለም። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ግን ቀልዷን አይደለም። መዝገበ ቃላቷን ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠች። ኮምፓሷን ለቶሌራ ሰጠች። ይህን ሻርፕ ለእኔ። ፈተና ሊደርስ ሰው ኮምፓሱን ይሰጣል?»

ሻርፑን አየሁት።

«ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬላታለሁ» አለች። «ማዪልኝ ብላ ያዘችኝ፤ ማልኩ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልናገር ነዋ። እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል። እሷ ይቅር አትለኝም፤ እሱን አውቀዋለሁ።» ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። «ብቻዬን አልችልም። ነይ አብረን እንሂድ።»

መጀመሪያ የባዮሎጂ መምህራችንን ቲቸር ገመቹን ፈለግን። ሁላችንም የምናምነው እሱን ነበር። ወደ ጎሬ ሄዷል ተባልን፤ ስልኩን ብንሞክር ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ወደ ገበያ ዞርን። ለሊሴ መንገድ ላይ አንዴ ቆማ አስመለሰች። «ቀጥይ፣ ቀጥይ፣ እደርስብሻለሁ» እያለች በእጇ ትገፋኛለች። ልመለስ እንዳትል ፈርቼ ጠበቅኋት። አልተመለሰችም።

እትዬ ዘይነባ ከዝናቡ ለማዳን በርበሬዋን በላስቲክ ትሸፍን ነበር። ለሊሴ ጎንበስ ብላ ነገረቻት። እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ተቆጣች።

«የኔ ልጅ? የኔ ልጅ እኮ ከክፍሉ አንደኛ ናት! ምን ጎደለባትና?»

«ምንም አላጎደሉባትም፣ እትዬ። ታማለች መሰለኝ። አሁን ቤት ናት?»

«ሁሩሙ አክስቴ ጋ አድራለሁ ብላኝ ወጥታለች።»

ለሊሴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ለእኔ ቤት ገብቼ እተኛለሁ ነው ያለችኝ» አለች።

እትዬ ዘይነባ ይህን ስትሰማ ላስቲኩን ለቀቀችው። ያን ሁሉ በርበሬ ዝናብ እየመታው ትታ ተነሳች።

መናኸሪያ ሮጥን። ወደ ሁሩሙ የሚጭነው ሚኒባስ ረዳት ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ አላሳፈርኩም አለ። የአክስቷ ስልክ አይሠራም። እትዬ ዘይነባ የምታገኘውን ሰው ሁሉ «ልጄን አይታችኋል?» እያለች ትጠይቃለች፤ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በኦሮምኛ አላየንም ይላል። በየመንገዱ ከዣንጥላ ሁሉ ሥር የሐያትን ፊት እንፈልጋለን።

«ትምህርት ቤት» አለች ለሊሴ በድንገት። «ዛፉ።»

ዘበኛው ጋሽ ዲንሳ በሩን ዘግቶ ነበር። «ልጆች፣ ትምህርት አልቋል እኮ» ሲል የእትዬ ዘይነባን ፊት አየና ሌላ ሳይናገር ከፈተው።

ሐያት አቮካዶው ሥር ተቀምጣለች። ፀጉሯ ከፊቷ ተጣብቋል። ቦርሳ የላት፣ መጽሐፍ የላት። ስንመጣ ያየችን አትመስልም። እናቷ ትጮህባታለች ብዬ ፈራሁ፤ ከጮኸችባት ደግሞ ሁሉም ነገር የሚበላሽ መሰለኝ። እትዬ ዘይነባ ግን አልጮኸችም። ጭቃው ላይ ተንበረከከችና የራሷን ፎጣ ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰቻት።

«ተነሺ፣ እናቴ። ቤታችን እንሂድ። ምንም አልጠይቅሽም» አለቻት።

ሐያት ቀና አለች። ያየችው ግን እናቷን ሳይሆን ለሊሴን ነው።

«ምለሽልኝ ነበር» አለች።

ለሊሴ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። አማርኛው ጠፋባት። «ሶዳዼ» አለች። ፈራሁ ማለቷ ነው።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ሐያትን ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት። የአእምሮ ሕክምና ነርሱ «ልጅዎ ታማለች፤ ይህ ሕመም ይታከማል። ቶሎ ማምጣትዎ ጥሩ ነው። አሁን ብቻዋን አይተዉዋት» እንዳላት እትዬ ዘይነባ ለእናቴ ነገረቻት። ሐያት መድኃኒት ጀመረች፣ ከነርሱ ጋር እየተገናኘች ታወራ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ከትምህርት ቤት ቀረች።

እነዚያን ሳምንታት ለሊሴ እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ያየሁት እኔ ነኝ። ምግብ አይወርድላትም። ስልክ በጠራ ቁጥር ትነሳለች። «ባልናገር ይሻል ነበር እንዴ? አሁን ከዱኝ ብላ ቢብስባትስ?» ትለኛለች። አይዞሽ እላታለሁ፤ እኔም ግን አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ትክክል የሠራ ሰው ልቡ ይረጋጋል የሚሉትን ለሊሴ ላይ አላየሁትም።

ትምህርት ቤት ደግሞ ወሬው ደርሶ ጠበቀን። ለሊሴ ምስጢር ታወጣለች፤ ለሊሴ ሰው አሳልፋ ትሰጣለች ተባለ። ዛፉ ሥር የሚመጣ ጠፋ። ምክትል ርዕሰ መምህሩም እኔን፣ ለሊሴንና ቶሌራን ቢሮው አስጠራን። በዚያን ጊዜ ተማሪ ተሰበሰበ ከተባለ ሰልፍ ሊነሳ ነው ብሎ ትልቁም ትንሹም ይደነግጥ ነበር።

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምትሰበሰቡት? ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለን። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እሱም ፈርቷል።

ቲቸር ገመቹ ሳይጠራ ገባ። «ጌታዬ፣ ይህች ልጅ ባትናገር ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር» አለ። «የሚያስፈራዎት መሰብሰባቸው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እኔ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።» ምክትሉ «እንግዲህ ኃላፊነቱ የአንተ ነው» ብሎ አሰናበተን።

ፈቃዱ ተገኘ፤ ልጆቹ ግን አልተመለሱም። ያን ጊዜ ነው ለሊሴ ያልጠበቅነውን ያደረገችው። ቲቸር ገመቹ ትምህርቱን ሊጀምር ሲል እጇን አውጥታ «አንድ ነገር ልናገር?» አለች። ፊት ወጥታ ቆመች። መዳፎቿን በቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

«ተናግሬያለሁ» አለች። «እውነት ነው። ምዬ ነበር፣ አፍርሼዋለሁ። ነገም ከእናንተ አንዱ እንዲህ ቢለኝ እናገራለሁ። ይህን የማትወዱ ሌላውን ሁሉ ንገሩኝ፣ ይህን ግን አትንገሩኝ።» ቆመች። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «አይ፣ እንደሱ አይደለም። ንገሩኝ። ንገሩኝና ጥሉኝ። ብትጠሉኝ እችለዋለሁ።»

ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች። ልታስመልስ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሌሎቹ ተቆጥታ የወጣች መሰላቸው።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ዛፉ ሥር ቶሌራ ብቻ መጣ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ከቶሌራ ጋር ሁለት የማናውቃቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች መጡ። ቲቸር ገመቹ ቃሉን ጠብቆ በርጩማ ይዞ ይመጣና ትንሽ ራቅ ብሎ ወረቀት እያረመ ይቀመጣል። እኛ ከጨረስን በኋላም ክበቡ እንደቀጠለ ሰምቻለሁ።

ሐያት ተመልሳ መጣች። ከስታለች፣ ግን መጣች፤ ማትሪኩንም ከእኛ ጋር ተፈተነች። ለሊሴን ግን አላናገረቻትም። በአጠገቧ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ለሊሴ ሻርፑን አጥባና ተኩሳ በእኔ በኩል ላከችላት፤ ሐያት ተቀበለችኝ። እንዲሁ እንደተኳረፉ ትምህርት ቤቱን ለቀቅን።

ለሊሴ ነርስ ሆና ያዮ ተመደበች። ስትደውልልኝ ሁልጊዜ የሚያስፈራት አዲስ ነገር አይጠፋም፦ የምታዋልዳት ሴት፣ ሞልቶ ድልድይ ላይ የወጣ ወንዝ፣ ጫካ ውስጥ ቡና ሊለቅም ሄዶ ያልተመለሰ ታካሚ። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ፈርቻለሁ፣ ደኅና ነኝ» ትለኛለች። ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የምትናገራቸው።

ልቅሶዋ ሁሩሙ፣ እናቷ አዴ ጫልቱ ግቢ ነበር። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ከያዮ የመጡ፣ ለሊሴ ያዋለደቻቸው ሴቶች ሕፃናት አዝለው ተቀምጠዋል። ቲቸር ገመቹ አርጅቶ፣ ከዘራ ይዞ መጥቷል። ከእሱ ጎን ቦታ አግኝቼ ስቀመጥ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀና ብዬ ሳያት ሐያት ናት።

አብረን ብዙ አለቀስን። በኋላ «ኡካ ከተማ ነው የማስተምረው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሰሞኑን ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ለሊሴን ደውዬላት ነበር እኮ። ቁጥሯን ከቶሌራ ወስጄ።»

«አልነገረችኝም።»

«አትነግርሽም፤ የኔን ነገር ነው ያወራነው።» መሐረቧን በእጇ ጠቀለለችው። «አንዲት ተማሪዬ እኔ ያኔ ያልኩትን አለችኝ። በእኔው አፍ የተናገረች ነው የመሰለኝ። ለማንም አልናገርም ብለሽ ማዪልኝ አለችኝ። አልማልኩም። ለወላጆቿ ተናገርኩ፤ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አሁን አታየኝም። ክፍል ስገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ጓደኞቿም እንደሱ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ትዕግስት። ቤቴ ገብቼ ምግብ አይበላልኝም። ለለሊሴ የደወልኩት እንዴት ቻልሽው ብዬ ልጠይቃት ነው።»

«ምን አለችሽ?»

ሐያት የጠቀለለችውን መሐረብ ፈታችው።

«አልቻልኩትም አለችኝ። በየቀኑ እፈራ ነበር አለች። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ፣ ከሱቁ ጥግ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር። 'ፊትሽን አዙረሽብኝ ስታልፊ አይቼ ነው ክፍል የምገባው፤ ልታኮርፊኝ እስከመጣሽ ድረስ ደስ ይለኝ ነበር' አለችኝ።»

ይህን ብላ ፊቷን በመሐረቡ ሸፈነች። ትከሻዋን አቀፍኩት። አዴ ጫልቱ ከወዲያ ሆና ታየን ነበር፤ ሐያት ማን እንደሆነች የምታውቅ አይመስለኝም።

ሲመሻሽ ሐያት ተነሳች። እደሪ፣ መንገዱ ጭቃ ነው አልኳት። የጫማዋን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አልችልም። ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው። ያቺ ልጅ አታናግረኝም» አለች። «ግን ትመጣለች። ስትመጣ ማየት አለብኝ።»